ሥራ አጣሁ፣ ባለቤቴ ትሠራለች፤ ቤኔፊት (የመንግሥት ድጎማ) ይሰጡናል ወይ?

ቶተንሃም_ሰፈር፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ለንደን ነው። መጋዘን ውስጥ ነበር የምሠራው፤ ባለፈው ሳምንት ሠራተኛ ሲቀንሱ እኔም ከወጡት አንዱ ሆንኩ። ባለቤቴ አዛውንቶች በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። በየ4 ሳምንቱ ነው የሚከፈላት፣ ተቆራርጦ እጇ ላይ 1,050 ፓውንድ ይገባል። ሁለት ልጆች አሉን፣ ትልቁ 7 ዓመቱ ነው። ቤቱ የሀውሲንግ አሶሲዬሽን (ቤት በቅናሽ የሚያከራይ ድርጅት) ሲሆን ኪራዩ በወር 900 ነው። ቁጠባ የሚባል ብዙ የለንም።

አሁን ያገኘሁት አበሻ ሁሉ “ሚስትህ እየሠራች ምንም አይሰጡህም” ይለኛል። አንዱማ ሰዓቷን ካላስቀነስክ ወይ ጭራሽ ካላቆመች ዝም ብለህ አትድከም አለኝ። እሷ ሥራዋን ትወደዋለች። እኔም ቤት ቁጭ ብዬ “ሥራ አቁሚ” ለማለት አፌ አልደፈረም። የምታውቁ ካላችሁ በቁጥር አስረዱኝ።

የጥንት_ስደተኛ፦
አይዞህ ወንድሜ፣ ሥራ ይገኛል። እኔ በፈረንጅ 2004 ሥራ ባጣሁ ጊዜ የትዳር ጓደኛ በሳምንት 24 ሰዓት ከሠራች አለቀ፣ አንድ ሳንቲም የለም ነበር የሚሉት። ከዚያ በታች ብትሠራም ከደመወዟ 10 ፓውንድ ብቻ ይተዉላችኋል፤ የቀረውን ከቤኔፊቱ ላይ አንድ በአንድ ይቀንሳሉ። ስለዚህ ሰዓቷን እወቅበት።

ሒሳብ_ወዳድ፦
ጋሼ፣ ያሉት ለዚያን ጊዜ ልክ ነው። ያ ግን በገቢ ላይ የተመሠረተው የድሮው ጆብሲከርስ አሎዋንስ (የሥራ ፈላጊ ድጎማ) ነው። ለአዲስ አመልካች ከተዘጋ ቆይቷል። አሁን በቦታው ያለው ዩኒቨርሳል ክሬዲት ነው፣ ገቢው ዝቅ ላለ ቤት በየወሩ የሚከፈል ድጎማ፤ እሱ ደግሞ የሰዓት ገደብ የሚባል አያውቅም። የትዳር ጓደኛ 24 ሰዓት የሚለው ነገር ከሕጉ ወጥቶ እኛ ቡና ላይ ቀርቷል።

ቶተንሃም፣ እኔ በሰፈራችን ምክር መስጫ በበጎ ፈቃድ አግዛለሁ፤ የሚመጣው ሰው ግማሹ ያንተው ጥያቄ ነው ያለው። ረዘም ይላል፣ ታገሠኝ። እዚህ የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ሁሉ ከኤፕሪል 2025 እስከ ኤፕሪል 2026 ላለው ዓመት የወጡ ናቸው።

መጀመሪያ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንዳሉ እወቅ። አንደኛው ኒው ስታይል ጄኤስኤ (አዲሱ ጆብሲከርስ አሎዋንስ) ይባላል። ይሄ ያንተ የግልህ ነው። ባለፉት ሁለት ሙሉ የግብር ዓመታት በቂ ናሽናል ኢንሹራንስ (ከደመወዝ የሚቆረጠውን መዋጮ) ከከፈልክ ይሰጥሃል። ሚስትህ ሚሊየነር ብትሆን እንኳ አይነካውም። ቁጠባችሁም አይታይም። በሳምንት 92.05 ፓውንድ ነው፣ ቢበዛ ለ6 ወር። መጋዘን ውስጥ በፔይስሊፕ (በደመወዝ ወረቀት) ስትሠራ ከነበርክ ሳትገባበት አትቀርም።

ሁለተኛው ዩኒቨርሳል ክሬዲት ነው። እዚህ ላይ ባልና ሚስት አንድ ቤት ናችሁ። ማመልከቻው የጋራ ነው፣ ገቢውም ቁጠባውም ይደመራል። መጀመሪያ “ምንም ገቢ ባይኖራቸው ስንት ይገባቸዋል” ብለው ያሰላሉ። ለጥንዶች (አንዳችሁ 25 ዓመት ከሞላ) 628.10። ለእያንዳንዱ ልጅ 292.81። ኪራይ 900። ድምሩ 2,113.72 ይመጣል።

ከዚያ የባለቤትህን ደመወዝ ያያሉ። ልጅ ስላላችሁና የኪራይ ድጋፍ ስለምታገኙ የመጀመሪያው 411 ፓውንድ አይነካም። ወርክ አሎዋንስ የሚሉት እሱን ነው። ከዚያ በላይ ካለው ከእያንዳንዱ ፓውንድ 55 ሳንቲም ይቀነሳል። ከ1,050 ላይ 411 ሲወጣ 639 ይቀራል። የእሱ 55 በመቶ 351.45 ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሳል ክሬዲታችሁ 1,762.27 ይሆናል። ደመወዟን ስትጨምርበት 2,812.27። ቻይልድ ቤኔፊቱ (የልጆች ድጎማው) ለብቻው ነው።

አሁን ሥራ አቁማ ቢሆንስ? 2,113.72 ብቻ። በወር ወደ 700 ፓውንድ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ማለት ነው። “ምንም አይሰጡህም” ለሚለው ደግሞ፣ እናንተ ባላችሁበት ሁኔታ ዩኒቨርሳል ክሬዲቱ ዜሮ የሚሆነው እጇ ላይ በወር 4,250 ፓውንድ አካባቢ ሲገባ ነው። ኬር ሆም ያን ያህል የሚከፍል ካለ አድራሻውን ላኩልኝ።

ቡና_አፍይ፦
😂 እኔም እመጣለሁ

ቶተንሃም_ሰፈር፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ታዲያ ሁለቱንም መውሰድ እችላለሁ? ጄኤስኤውንም ዩኒቨርሳል ክሬዲቱንም?

ሒሳብ_ወዳድ፦
ማመልከት ትችላለህ፣ ግን ተደራራቢ ገንዘብ እንዳይመስልህ። ጄኤስኤው ከዩኒቨርሳል ክሬዲቱ ላይ ሙሉ በሙሉ ይቀነሳል። እዚህ 55 ሳንቲም የለም፣ ፓውንድ በፓውንድ ነው። ጥቅሙ በየ2 ሳምንቱ መከፈሉ ነው። የዩኒቨርሳል ክሬዲት የመጀመሪያ ክፍያ እስኪመጣ 5 ሳምንት ይጠበቃል። በመሃል አድቫንስ (ቅድሚያ ክፍያ) ልትጠይቅ ትችላለህ፣ ግን ብድር ነው፣ በኋላ ከክፍያህ እየተቆረጠ ይመለሳል።

ጄኤስኤው በእውነት የሚያድነው የትዳር ጓደኛው ጥሩ ደመወዝ ያለውን ወይም ቁጠባ ያላቸውን ቤተሰብ ነው። ከ16,000 ፓውንድ በላይ ቁጠባ ካላችሁ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የለም። ከ6,000 እስከ 16,000 ባለው ውስጥ ደግሞ ለእያንዳንዱ 250 ፓውንድ በወር 4.35 ገቢ እንዳላችሁ ይቆጠራል። በማን ስም መቀመጡ ለውጥ የለውም። እንዲህ ዓይነት ሰው “ሚስቴ ስለምትሠራ አይገባኝም” ብሎ 6 ወር ሙሉ የከፈለበትን መብት ትቶ ሲቀመጥ አይቻለሁ። ያናድዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። የመጨረሻ ደመወዝህና ያልወሰድከው የዕረፍት ክፍያ ገና ካልገባ ቀኑን አስተውል። ካመለከትክ በኋላ ከገባ የመጀመሪያውን ወር ክፍያ ይበላዋል።

አቋራጭ፦
እናንተ ሰዎች ሒሳብ ታበዛላችሁ። ቀላል መንገድ አለ። ተለያይተናል በሉ። አንተ ለብቻህ፣ እሷ ለብቻዋ ታመልክቱ። የምታውቁትን ሰው ሁሉ ጠይቁ።

እናት_ነኝ፦
አቋራጭ፣ ሰው ቤት ልታፈርስ ነው እንዴ የመጣኸው?

ሒሳብ_ወዳድ፦
ሰው ለምን እንደሚፈተን ይገባኛል። ለአንድ ብቸኛ ሰው 400.14 ነው፣ ሁለቱ ተለያይተው ቢወስዱ 800.28 ይሆናል። አብረው ሲሆኑ 628.10። ልዩነቱ በወር 172 ፓውንድ ነው። ለዚያ ብሎ ሐሰተኛ መረጃ የሰጠ ሰው የወሰደውን ይመልሳል፣ ቅጣት አለ፣ ፍርድ ቤትም አለ። የነዋሪነት ወይም የዜግነት ማመልከቻ ያለበት ሰው ደግሞ የወንጀል መዝገብ ምን እንደሚያመጣበት ራሱ ያስበው። የጋብቻ ወረቀት የለንም ማለትም አይሠራም። እንደ ባልና ሚስት አንድ ጣራ ሥር ከኖራችሁ ጥንድ ናችሁ፣ ተጋቡ አልተጋቡ።

በእውነት ተለያይተው፣ ኪራይ ስለጠፋ ግን አንድ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። የእነሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ያለውን እውነት ተናግረው ማስረዳት ይችላሉ።

የጥንት_ስደተኛ፦
ሕጉ ቢለወጥም እኔ የምለው አንድ ነገር አለ። ድሮም ሚስት ሥራ አቁማ ቁጭ ስትል የሚጎዳው ቤተሰቡ ነበር። አንተ ወዲያው ሥራ ብታገኝ እንኳ እሷ የለቀቀችውን ቦታ ማን ይመልስላታል?

ሒሳብ_ወዳድ፦
ጋሼ፣ በዚህ ላይ እስማማለሁ። እንዲያውም ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ፣ የቤኔፊት ጣሪያ፤ አንድ ቤት በድምሩ ከዚያ በላይ አይሰጠውም። ለንደን ውስጥ ለቤተሰብ በዓመት 25,323 ፓውንድ ነው፤ ከለንደን ውጭ 22,020። በወር ሲሰላ የለንደኑ 2,110 አካባቢ ነው። ጣሪያው ውስጥ ቻይልድ ቤኔፊትም ይቆጠራል፤ ለሁለት ልጅ በወር ወደ 188 ፓውንድ ነው። ባለቤትህ ሥራ ካቆመች የእናንተ ድምር ወደ 2,301 ስለሚደርስ ከጣሪያው በላይ ያለው 191 ፓውንድ ይቆረጣል። ያን ጊዜ የምታጡት 700 ሳይሆን ወደ 890 ነው። አሁን ለምን አይነካችሁም? ከቤተሰቡ በአንድ ወር ውስጥ ተጣርቶ 846 ፓውንድ ወይም ከዚያ በላይ ደመወዝ ከገባ ጣሪያው አይሠራም። የእሷ 1,050 እንደ ጃንጥላ ይዟችኋል።

ሥራ ያቆመ ሰው ከዚያ በፊት በነበሩት 12 ወራት በሙሉ ከዚህ የደመወዝ መነሻ በላይ ሲያገኝ ከነበረ ለ9 ወር ጣሪያው ይታለፍለታል። ከዚያ በኋላ ግን ይመጣል። ሰዓቷን “ለማስቀነስ” የምትሞክሩ ሰዎች ይቺን 846 አትርሷት።

ልጅ_የለንም፦
እኛ ባልና ሚስት ብቻ ነን። እኔ ነኝ ሥራ ያጣሁት፣ ባለቤቴ በወር 1,600 ያገኛል። ኪራይ 800። ያው ነው ሒሳቡ?

ሒሳብ_ወዳድ፦
እህቴ፣ ለእናንተ ትንሽ ይከብዳል። ያ 411 ፓውንድ የሚሰጠው ልጅ ላለው ወይም ከጤና የተነሳ የመሥራት አቅሙ የተወሰነ መሆኑ ለተረጋገጠ ነው። ሁለታችሁም በዚህ ውስጥ ካልሆናችሁ ከመጀመሪያው ፓውንድ ጀምሮ 55 ሳንቲም ይቀነሳል። 628.10 ሲደመር 800 ይሆናል 1,428.10። ከ1,600 ላይ 880 ይቀነሳል። የሚቀራችሁ 548.10 ነው። ኪራዩን ሙሉ በሙሉ ይቀበሉታል ብለን ነው ይሄ፤ የግል አከራይ ከሆነ አካባቢው የሚፈቅደው ጣሪያ አለ። ኒው ስታይል ጄኤስኤም አመልክቺ፣ የራስሽ ነው።

የቀድሞ_ካብ_ሹፌር፦
በራሱ የሚሠራ ባል ወይም ሚስት ያላችሁ ተጠንቀቁ። እኔ ሚኒካብ እነዳለሁ። ባለቤቴ ከሥራ ስትወጣ አብረን አመለከትን። በዚያ ወር ነዳጅና ኢንሹራንስ ከወጣ በኋላ የቀረኝ ሦስት መቶ ነገር ነበር፣ እነሱ የቆጠሩብኝ ግን ከዚያ እጅግ የበዛ ነው። ሲነግሩኝ ሥራው ከተጀመረ ዓመት ካለፈው በትንሹ ይሄን ያህል ታገኛለህ ብለው ራሳቸው ያስቀምጡታል።

ሒሳብ_ወዳድ፦
ሚኒመም ኢንካም ፍሎር ነው። በራሱ ለሚሠራ ሰው የ12 ወር መጀመሪያ ጊዜ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ የሙሉ ሰዓት ሥራ ከሚጠበቅበት በ35 ሰዓትና በዝቅተኛው ደመወዝ ያሰሉታል። በ12.21 ሂሳብ ከግብር በፊት በወር 1,850 አካባቢ ነው። ትክክለኛው ገቢ ከዚያ ቢያንስም እንዳገኘ ይቆጠራል። ቤቱ ውስጥ አንዱ ሥራ አጥቶ ሌላው ካብ የሚነዳ ከሆነ ባለካቡ ደካማ ወር ሲገጥመው ቤቱ ሁለት ጊዜ ይመታል። እኔ እንደ ሰው ስናገር ይሄ ደንብ አይገባኝም። የገበያ ሥራ በየወሩ እኩል ነው ያለው ማን ነው?

ሊድስ_ላይ፦
የኔ ጉዳይ ይለያል። እኔ እዚህ ቋሚ ነዋሪ ነኝ። ባለቤቴ ከአዲስ አበባ በትዳር ቪዛ መጣ፣ ወረቀቱ ላይ የሕዝብ ገንዘብ (የመንግሥት ድጎማ) መጠቀም አይችልም ይላል። አሁን እኔ ሥራ አጣሁ፣ እሱ ይሠራል። ባመለክት የሱን ቪዛ አበላሻለሁ ብዬ ፈርቼ ቁጭ ብያለሁ።

ሒሳብ_ወዳድ፦
እህቴ፣ አንቺ ማመልከት ትችያለሽ። እንደ ብቸኛ ሰው ነው የምትታይው፤ 400.14 ነው መነሻሽ፣ ለሱ የሚጨመር የለም። አስቂኙ ግን ደመወዙ ይቆጠራል። ለሱ አይከፍሉም፣ ከሱ ግን ይቀንሳሉ። ማመልከቻው ላይ ባል እንዳለሽና ቪዛው ምን እንደሆነ ሳትደብቂ ጻፊ።

ካውንስል ታክስ (የማዘጋጃ ቤት ግብር) ቅናሽ ላይ ግን ቀስ በይ፤ እሱም ከሕዝብ ገንዘብ ይቆጠራል። ከማመልከትሽ በፊት ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን አማካሪ ጠይቂ። እዚህ መድረክ ላይ በቪዛ ጉዳይ የሚነገርሽን፣ የኔንም ጭምር፣ ብቻውን አትያዥ።

እናት_ነኝ፦
አንድ ማንም ያላነሳው ነገር ላንሳ። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚገባው በአንድ አካውንት ነው። ጥንዶቹ የማን እንደሆነ ይመርጣሉ። በኛ ቤት ብዙ ጊዜ የባል ይሆናል። የልጆቹም፣ የኪራዩም፣ ሁሉም እዚያ ይገባል። ሴትየዋ ሠርታ የምታመጣው ለብቻው፣ ቀሪው ደግሞ በሱ ስልክ ላይ። ሰላም ያለበት ቤት ችግር የለውም። ሰላም የሌለበት ቤት ግን ሴትየዋ የዳቦ ሳንቲም ትለምናለች። ክፍያው ለሁለት እንዲከፈል መጠየቅ እንደሚቻል ብዙዎቹ አያውቁም። ወይ በጋራ አካውንት አድርጉት።

ቶተንሃም_ሰፈር፦
ልክ ነሽ እህቴ። የጋራ አካውንት አለን፣ እዚያ እናደርገዋለን። ባለቤቴም የዩኒቨርሳል ክሬዲት አካውንት መክፈት አለባት አሉኝ፣ እውነት ነው እንዴ?

ሒሳብ_ወዳድ፦
አዎ፣ ሁለታችሁም ለየራሳችሁ የኦንላይን አካውንት ትከፍታላችሁ፤ አንዳችሁ የሚሰጣችሁን ኮድ ሌላው አስገብቶ ይገናኛል። ክሌይማንት ኮሚትመንቱንም (አመልካች የሚገባውን የግዴታ ስምምነት) ሁለታችሁም ትቀበላላችሁ። እሷ ሥራ ላይ ናት ብላችሁ ችላ ካላችሁት ማመልከቻው ይቆማል። ይሄ የብዙ ሰው ስንፍና ነው፤ ባልየው ጆብ ሴንተር ይመላለሳል፣ ሚስትየዋ አንድ ቁልፍ አልጫነችም፣ ሁሉም ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ቡና_አፍይ፦
እኔም ልጠይቅ። ዕቁብ የደረሰው ሰውስ? ባለቤቴ በሚቀጥለው ወር 8,000 ይደርሳታል። አዲስ አበባ ደግሞ በስሟ ኮንዶሚኒየም አለ፣ እህቷ ትኖርበታለች።

ሒሳብ_ወዳድ፦
ዕቁቡ አካውንት ላይ ቁጭ ካለ ቁጠባ ነው ብለው ነው የሚጀምሩት። ገና የምትከፍሏቸው ዙሮች እንዳሉ ማስረዳት የናንተ ሥራ ነው። የዕቁቡን ስም ዝርዝርና ማን መቼ እንደወሰደ የሚያሳየውን ወረቀት አስቀምጡ።

ኮንዶሚኒየሙ የምትኖሩበት ቤት ስላልሆነ እንደ ንብረት ይታያል። ውጭ አገር ነው ብሎ መተው አይቻልም፣ ቅጹ ይጠይቃል። የሚቆጠረው ዋጋ እንዴት እንደሚተመን የራሱ ደንብ አለው፣ በተለይ ገንዘቡን ከአገር ማውጣት ሲከለከል። ሳትመልሱት በፊት ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጥ ቦታ ውሰዱት። እዚህ ላይ በስልክ ምክር የምሰጥበት ጉዳይ አይደለም።

ቶተንሃም_ሰፈር፦
ተመለስኩ። ጸድቆልናል፣ ሁለት ወር በሰላም ገባ። የዚህ ወር ስቴትመንት ግን አስደነገጠን። 577 ፓውንድ ቀንሷል! ባለቤቴ ደመወዟ አልተጨመረም፣ ትርፍ ሰዓትም አልሠራችም። ስህተት ነው ብዬ ጆርናል (የኦንላይን አካውንቱ የመልእክት ቦታ) ላይ ልጽፍ ነው።

ሒሳብ_ወዳድ፦
ከመጻፍህ በፊት የተመዘገበውን ደመወዝ ተመልከት። ሁለት ክፍያ ነው አይደል?

ቶተንሃም_ሰፈር፦
አዎ! አንዱ በወሩ መጀመሪያ፣ አንዱ በመጨረሻው ቀን።

ሒሳብ_ወዳድ፦
በየ4 ሳምንቱ የሚከፈለው ሰው በዓመት 13 ጊዜ ይከፈለዋል። የእናንተ የሒሳብ ወር ግን 12 ነው። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ ሁለት ደመወዝ በአንድ ወር ይወድቃል። 2,100 ተቆጠረ፣ 411 ቀርቶለት የቀሪው 55 በመቶ 928.95 ተቀነሰ። የቀራችሁ 1,184.77 ነው። ከተጨመረው 1,050 ከግማሽ በላይ የሄደው እንዲህ ነው።

በ2020 ፍርድ ቤት የደረሰ ክርክር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደንቡ ተስተካክሎ ከሁለቱ ደመወዝ አንዱን ወደ ሌላ ወር ማዛወር ተቻለ። ግን ያ በካሌንደር ወር አንድ ጊዜ ለሚከፈላቸው ነው። በየሳምንቱ ወይም በየ4 ሳምንቱ ለሚከፈለው አይሠራም። ጆርናል ላይ ብትጽፍም መልሱ ይሄው ነው የሚሆነው።

በሚቀጥለው ወር ይመለሳል። የሚቀጥለውን ዓመት ድርብ ወር ግን ከፔይስሊፑ ቀን ተነስተህ ካሌንደር ላይ አሁኑኑ አስምርበት። ክፍያው ያን ወር ዜሮ የሚሆንበት ቤተሰብ ካለ ደግሞ በሚቀጥለው ወር እንደገና ማመልከት እንዳለበት ይወቅ፤ 6 ወር ካላለፈ ማመልከቻው አጭር ነው፣ 5 ሳምንቱንም እንደ አዲስ አይጠብቅም።

የጥንት_ስደተኛ፦
ባለቤትህ አሠሪዋን በወር አንድ ጊዜ ክፈሉኝ ብላ ብትጠይቅስ?

ቶተንሃም_ሰፈር፦
ጠየቀች፣ የድርጅቱ ሥርዓት ነው አሏት። በሌላ በኩል እኔ ለሰኞ ኢንተርቪው ተጠርቻለሁ፣ የማታ ሽፍት ነው። ሒሳብ ወዳድ፣ ሥራ ካገኘሁ ያ 411 ለኔም ለብቻው ይሰጠኛል?

ሒሳብ_ወዳድ፦
አይሰጥህም፣ ለአንድ ቤት አንድ ነው። የእሷ ደመወዝ ጨርሶታል። ያንተ ከመጀመሪያው ፓውንድ 55 ሳንቲሙ ይቀነሳል፣ 45ቱ ያንተ ነው። ሥራ በጀመርክበት ቀን ግን አሳውቅ። ትንሹ ልጅ ሞግዚት ወይም ነርሰሪ የሚያስፈልገው ከሆነ ሁለታችሁም ስትሠሩ ከወጪው 85 በመቶ ድረስ ይመለሳል፤ ለአንድ ልጅ በወር እስከ 1,031.88። ደረሰኙን ያዝ።